አንዱ ሁለት ሲሆን

ለመሆኑ አንድ ነገር ለሁለት ሲከፈል የቀድሞው የትኛው ነው? የሥራ ፈት ጥያቄ ይመስላል። እኔም እስካለፈው ግንቦት ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር። ጥያቄው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለት አቅጣጫ ቤቴ ድረስ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም ብዕር ባላነሳሁ።

በመጀመሪያ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። እንጀራው ታክሲ መንዳት፣ ፍቅሩ ግን ሳሎኑ ውስጥ ያቆመው የመስታወት ባሕር ነው። ባሕር ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በተጣራ ውኃ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው በሊትር ወደ 35 ግራም ሒሳብ ይበጠብጥበታል፤ ሙቀቱን 25 እና 26 ዲግሪ ላይ ይጠብቃል፤ ፀሐይን የሚተካ መብራት ከላይ፣ ሞገድ የሚያስነሳ ሞተር ከጎን አለው። ውስጡ ድንጋይና ኮራል፣ ጥቂት ዓሦችና አንዲት የባሕር አበባ አሉ። ባለሙያዎቹ አኔሞኒ ይሏታል። አበባ ትምሰል እንጂ እንስሳ ናት። አእምሮ የላትም፣ አጥንት የላትም፤ የምትበላውም የምታስወጣውም በአንድ አፏ ነው። በአፏ ዙሪያ የተደረደሩት ጣቶቿ ጫፋቸው እንደ አምፖል ያበጠ ነው፤ የነካቸውን ይናደፋሉ። ይህች ዓይነቷ ቀይ ባሕር ውስጥ ትገኛለች። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የሌለን እኛ፣ የጎረቤታችንን ባሕር አበባ ከቨርጂኒያ በቴሌግራም እናያለን ማለት ነው።

ታዲያ ወንድሜ በዚያ ሳምንት የላከው ቪዲዮ አበባዋ ስትከፈል የሚያሳይ ነበር። መጀመሪያ ክቡ አፏ እንደ ቁልፍ ማስገቢያ ረዘመ። ከዚያ ድንጋዩን ቆንጥጣ የያዘችበት እግሯ አንዱ ጎን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ጎን ወደ ግራ ይሳብ ጀመር። የሚጎትታት አልነበረም። ራሷን በራሷ ቀደደች። በማግስቱ ሁለት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ጎናቸው ቁስል ያለባቸው፣ አፋቸው የተጣመመ። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ቁስሉ ተጣጥፎ ገጠመ፣ አፋቸውም ክብ ሆነ።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደጋግማ አየችው። ከዚያ ለወንድሜ ደወለችና፣ «እናትየዋ የትኛዋ ናት?» አለችው።

«እናት የለችም እማዬ፤ ሁለቱም እሷው ናቸው» አላት።

«እንዲህ ያለ ነገር የለም ልጄ፤ አንዷማ መሆን አለባት» ብላ ዘጋችው።

እናቴ እንዲህ ማለቷ ያለ ምክንያት አይደለም። አገሯ ጉራጌ ነው፤ የምታውቀው መባዛት የእንሰትን ነው። ጥቂት ዓመት የሞላው እንሰት ይነቀልና ግንዱ ተቆርጦ፣ አሚቾው መካከሉ ተፈልፍሎ ተመልሶ ይቀበራል። ከወራት በኋላ ዙሪያውን በአሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ብቅ ይላሉ። እዚያ ክርክር የለም፤ እናትየው ሞታለች፣ ልጆቹ ወራሾች ናቸው። የባሕር አበቦችም ቢሆኑ ሁሉም በመቀደድ አይባዙም። እንቁላላቸውንና ዘራቸውን ውኃ ላይ የሚበትኑ አሉ፤ ሲሄዱ ከእግራቸው ቁራጭ ትተው ቁራጩ ራሱን የቻለ አበባ የሚሆንላቸው አሉ፤ ልጅ በአፋቸው የሚተፉም አሉ። ሰር ጆን ዳልየል የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳር ለቅሞ በመስታወት ዕቃ ያኖራት ቀይ አበባ እስከ 1887 ድረስ ኖራ፣ እሱንም ከእሱ በኋላ የተቀበሏትን አሳዳጊዎችም ቀብራ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ተፍታለች። ኤዲንብራ ውስጥ «አያት» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ስሙ ተገቢ ነው፤ እሷ እሷው ሆና ቀርታለች፣ ልጆቹም ልጆች ናቸው። ችግሩ ያለው እናትም ሬሳም በማይገኝበት በሦስተኛው ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት ነው ሁለተኛው የመጣው።

እኛ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይህ ሕንፃ የቆመበት መሬት ቀድሞ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጋራ ቧንቧና የጭቃ ግድግዳ ሰፈር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ሕዝቡ ተበተነ። ከእኛ መንደር ከፊሉ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ከፊሉ ጀሞ ሄደ። ከቤቱ ይልቅ ያስቸገረው እድሩ ነበር። ቤት ይፈርሳል፣ ምትክ ይሰጣል፤ እድር ግን ምትኩ ምንድን ነው? ለጥቂት ዓመታት እንደምንም አንድ ሆኖ ቆየ፤ የጀሞዎቹ በሁለት ታክሲ እየመጡ አብረውን ቀበሩ፣ እኛም ሄድን። በኋላ ድካሙ በዛና ኮሙናል ቤት ውስጥ ተሰብስበው በስምምነት ተለያዩ። ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ለልደታ፣ ድስቱና ሳህኑ ለጀሞ፤ ገንዘቡ እኩል ለእኩል። ስሙን ግን ማንም የሚለቅ አልተገኘም። ስለዚህ ያው ስምና ያው የምሥረታ ዘመን የተቀረጸበት ሁለት ማኅተም ተሠራ። (ጥሩንባው እኛ ዘንድ ቀርቷል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማን ሊነፋው ነው? መርዶው በስልክ መልእክት ነው የሚመጣው።)

ባለፈው ግንቦት አንዲት እናት ዐረፉ። ከሃያ ዓመት በላይ መዋጮ ከፍለዋል። ቤት የደረሳቸው ልደታ ነው፤ ግን አራተኛ ፎቅ መውጣት ሲያቅታቸው አከራይተውት ጀሞ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። የልደታው ዳኛ፣ «ነዋሪነታቸው ጀሞ ነው» አለ። የጀሞው ጸሐፊ መዝገብ ገልጦ፣ «ስማቸው ያለው ልደታ ነው» አለ። ሁለቱም አልዋሹም። ድንኳኑ የተተከለው በማግስቱ ወደ ማታ ነው። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። እናቴ ሃያ እንጀራ በመሶብ አሸክማኝ በታክሲ ሄድን፤ መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መሰል ነገር አንስቷል። የአንድ ሰው አንጎል ለሁለት ተከፍሎ በሁለት አካል ውስጥ ቢተከል፣ ሁለቱም እኩል ትዝታውንና ጠባዩን ይዘው ቢነቁ፣ ሰውዬው የትኛው ነው? ፓርፊት ጥያቄው ባዶ ነው ይላል። ዋናው ነገር «እኔ ነኝ» የሚለው ማዕረግ ሳይሆን የሚቀጥለው ነገር ነው፤ ሁለቱም ውስጥ ከቀጠለ ምንም አልጠፋም። የወንድሜን አበባ ባላይ ኖሮ ይህን የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ እለው ነበር። አሁን ግን የእናቴን «አንዷማ መሆን አለባት» መቀበል ያቅተኛል። አይደለችም። ሁለቱም እሷ ናቸው።

ነገር ግን ሁለቱም እሷ ከሆኑ የእሷ ዕዳስ? እኔን የከነከነኝ ይህ ነው። አበባዋ ስትከፈል ግማሽ አፍ ይዛ የኖረች የለችም። እያንዳንዷ ሙሉ አፍ አበጀች፣ ሙሉ እግር አበጀች። ርስቱ ግማሽ ነው፣ ሥራው ግን ሙሉ ነው። የእኛ እድሮች ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ስሙን ሁለቱም ሙሉውን ወሰዱ፣ የምሥረታ ዘመኑን ሙሉውን ወሰዱ፤ ለሟቿ የተገባውን ቃል ግን አንዱ ለሌላው ተወው። የቀድሞው እኔ ነኝ የሚል የቀድሞው የገባውን ቃል ሁሉ የእኔ ነው ማለት አለበት። ካላለ ስሙን ይተውና አዲስ ማኅተም ያስቀርጽ፤ ያም ነውር የለበትም።

የእድራችን ዳኛ (እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ሳይቆጡ ሰምተውኛል) እንዲህ መለሱልኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ገንዘቡ እኮ ተካፍሏል። በግማሽ ካዝና ሙሉ ሰው አይቀበርም። ለሁለቱም ወገን ሰው እኛ ልንቀብር ከሆነ በዓመቱ እንዘጋለን።» ይህ ቀላል መልስ አይደለም። አበባዋ የምትድነው በልታ ስለምታገግም ነው፤ የእኛ ካዝና ግን የሚያገግመው በጡረተኛ መዋጮ ነው። የተከፈልነውም ጠግበን አይደለም። ዓሣ አርቢዎች እንደሚሉት አበባዋ የምትከፈለው ወይ በደንብ በልታ ስትፋፋ ነው፣ ወይ ውኃው ወይ መብራቱ በድንገት ሲለወጥባት ወይም ስትቆስል ነው። ወንድሜ በፊተኛው ሳምንት አምፖል ቀይሮ ነበር። የእኛን አምፖል የቀየረው ሰፈሩን ያፈረሰው ግሬደር ነው። እንግዲህ ደንግጦ የተቀደደን ነገር እንደ ጠገበው ለምን ሙሉ አልሆንክም ብሎ መውቀስ ምን ያህል ፍትሕ ነው? ይህን ሳስብ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ አልተውም። ካሊፎርኒያ ዳርቻ ባሉ ዐለቶች ላይ ሌላ ዓይነት አበባ አለ። በመከፈል እየበዛ ዐለቱን እንደ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ባዕድ ዘር ሲጠጋው ለጠብ ብቻ በተሠሩ እብጠቶች ይናደፋል፤ በሁለቱ ወገኖች መካከል ማንም የማይረግጠው ባዶ መስመር ይቀራል። ከአንዷ የተከፈሉት ግን ሲነካኩ ጣታቸውን ሰብስበው ይተዋወቁና ተጠጋግተው ይኖራሉ። አእምሮ የሌላቸው ናቸው ብያለሁ። ልደታና ጀሞ መካከል ያለው ያ ባዶ መስመር ምን እንደሆነ ያየሁት፣ ፀሐይ ላይ ቆመው የዋሉትን ለቀስተኞች ሳይ ነው።

በሰኔ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከመከፈሉ በፊት በመዝገቡ የነበረ ማንኛውም ሰው ሲሞት፣ ሬሳው ያለበት እድር ሳይጠይቅ ድንኳን ይትከል፤ ወጪውን ሁለቱ በኋላ ይተሳሰቡ። የእነዚህ ሰዎች ቁጥር ከዓመት ዓመት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ዕዳው ማለቂያ አለው። ዳኛው «ከጀሞዎቹ ጋር እንነጋገርበታለን» ብለው በቃለ ጉባኤ አስያዙት። እስካሁን አልተነጋገሩም።

እናቴ አልጠበቀችም። ከሐምሌ ጀምሮ ለሁለቱም ትከፍላለች፤ የጀሞውን እኔ ነኝ የማደርሰው። ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን ሲቆርጥ፣ «እርስዎ እኮ የልደታ ነዎት በላቸው» አለኝ። ነገርኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ለወንድሜ ደውላ ስለ አበቦቹ ጠየቀችው። አንደኛዋ ከድንጋዩ ጀርባ ዞራ ቦታ መያዟን ነገራት። ዓሣዋስ፣ ያቺ በጣቶቿ መካከል የምትተኛው፣ ከየትኛዋ ጋር ቀረች? አለችው።

«ማታ ከፊተኛዋ ጋር ታድራለች፤ ቀን ግን ወደ ሁለቱም ትሄዳለች» አላት።