ከንቲባው፣ ኮሚሽነሩና ተከራዩ

በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለምግብ ቤት የሚሆን ቤት ማከራየት ቀላል ሥራ ይመስላል። ቦታው የከተማዋ እምብርት ነው፤ ጎብኚ አይጠፋበትም፤ ተጫራችም ሞልቷል። ሆኖም ከተማዋ በዚህ መናፈሻ በነበሯት ሁለት ምግብ ቤቶች ሰበብ አንድ ታሪካዊ ሕንፃ አጥታለች፣ ከሰፈር እናቶች ጋር ተፋጣለች፣ በገዛ ቤቷ ስም ፍርድ ቤት ቆማ ተከራክራለች። የሦስቱም ጣጣ ሥሩ አንድ ነው፦ የሕዝቡን ቤት አንድ ሰው እንደ ግል ንብረቱ ቆጠረው። መጀመሪያ ከንቲባው፣ ቀጥሎ የፓርክ ኮሚሽነሩ፣ በመጨረሻም ተከራዩ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ቤት ካዚኖ ይባል ነበር፤ ስሙ ነው እንጂ ቁማር ቤት አልነበረም። ከሴንትራል ፓርክ ሁለት ነዳፊዎች አንዱ የሆነው ካልቨርት ቮክስ በ1860ዎቹ ሲሠራው፣ መናፈሻውን ለማየት የሚመጡ ሴቶች አረፍ ብለው መክሰስ የሚቀምሱበት ቤት እንዲሆን ነው። በ1929 ከንቲባ ጂሚ ዎከር የቀድሞው ተከራይ እንዲለቅ አደረገና ቤቱን ለሚያውቀው ሰው፣ ለሲድኒ ሶሎሞን አሰጠው። ኪራዩ በዓመት 8,500 ዶላር ነበር። ስመ ጥሩው አርክቴክት ጆሴፍ ኧርባን ውስጡን አሳምሮ ለባለጸጎች የሚሆን የምሽት ዳንስ ቤት አደረገው። ዎከርም ማምሻውን የሚያሳልፈው እዚያው ሆነ። በዚያው ዓመት የኢኮኖሚ ቀውሱ ገባና ብዙ የኒውዮርክ ነዋሪ ለዳቦ ሲሰለፍ፣ በሕዝቡ መናፈሻ ውስጥ ግን ሻምፓኝ ይቀዳ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የአገራችንን አባባል ዎከር ባይሰማውም የኖረበት ይመስላል። ዳኛ ሳሙኤል ሲበሪ የመራው የሙስና ምርመራ እያፋጠጠው ሲመጣ በ1932 ሥልጣኑን ለቀቀ።

በ1934 ፊዮሬሎ ላጓርዲያ ከንቲባ ሲሆን የፓርኮቹን አመራር ለሮበርት ሞዘስ ሰጠው። ሞዘስ «የካዚኖ ዋጋ ተራውን ሰው ያገለለ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1936 ቤቱን አፈረሰው፤ በቦታውም የሕፃናት መጫወቻ ተሠራ። ሞዘስ በዎከር ላይ የቆየ ቂም እንደነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ቂሙ ቢኖርም ባይኖርም፣ ማስተካከል የሚገባው ኪራዩን፣ ዋጋውንና ተከራዩን ነበር። ጥፋቱ የውሉና የሰዎቹ ሆኖ ሳለ ቅጣቱን የተቀበለው የቮክስ ሕንፃ ነው።

ሞዘስ ግን ምግብ ቤት የሚጠላ ሰው አልነበረም። ካዚኖን ሲያሳድድ በመናፈሻው ምዕራባዊ ዳር የራሱን ከፍቶ ነበር። በ1870 ገደማ ለበጎች የተሠራ ጋጣ ነበር፤ በጎቹ ወደ ብሩክሊኑ ፕሮስፔክት ፓርክ ተወሰዱና ጋጣው በጥቅምት 1934 «ታቨርን ኦን ዘ ግሪን» የሚባል ምግብ ቤት ሆነ። የታሰበው ዋጋው ለብዙኃኑ እንዲመጥን ነበር።

ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ ሞዘስ ራሱ ዎከር የሠራውን ጥፋት በሌላ መንገድ ደገመው። በ1956 ለምግብ ቤቱ ደንበኞች 80 መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ለመሥራት ወሰነ። የተመረጠው ቦታ የአካባቢው ልጆች የሚጫወቱበት ዛፋማ ጥግ ነው። እናቶች ይህን ሲሰሙ ልጆቻቸውን በጋሪ እየገፉ ቡልዶዘሩ ፊት ቆሙ። ኮሚሽነሩ በጀ አላለም፤ በሌሊት ሠራተኛ ልኮ ቦታውን አሳጠረው፤ ሲነጋ እናቶቹ የደረሱት በፖሊስ ጥበቃ ዛፎቹ ሲገነደሱ ነው። የሚያለቅሱት እናቶችና የተጋደሙት ዛፎች ፎቶ ጋዜጦቹን ሞላው፤ ፍርድ ቤት ሥራውን አገደ። በመጨረሻ ሞዘስ እጅ ሰጠ፤ በማቆሚያው ፈንታ የሕፃናት መጫወቻ ተሠራ። ለረጅም ዘመን የሕዝብ አገልጋይ ተብሎ የተመሰገነው ሰው ስሙ መጉደፍ የጀመረው ለአንድ ምግብ ቤት ባለመኪና ደንበኞች ሲል ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የተከራዩ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ዋርነር ለሮይ ቤቱን ተረክቦ ከፍተኛ ገንዘብ አፈሰሰበት፤ የመስተዋት አዳራሽ ጨመረበት፣ በፋኖስና በክሪስታል አንቆጠቆጠው። በ1976 ሲከፈት ከተማዋ በገንዘብ እጦት የምትንገዳገድበት ጊዜ ስለነበር እንዲህ ያለ ባለሀብት መገኘቱ እንደ ጸጋ ተቆጠረ። ቤቱም ገበያ አገኘ፤ በ2007 ሽያጩ 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ በአሜሪካ ብዙ ከሚሸጡ ምግብ ቤቶች ተርታ ነበር።

በ2009 ውሉ ሊያልቅ ሲል ከተማዋ አዲስ ተጫራች መረጠች። የለሮይ ቤተሰብ ኩባንያ የመክሠር አቤቱታ አቀረበና ያልታሰበ ጥያቄ አመጣ፦ ቤቱ የከተማዋ ይሁን፣ ስሙ ግን የእኛ ነው አለ። በእርግጥም «ታቨርን ኦን ዘ ግሪን» የሚለውን ስም በ1981 የንግድ ምልክት አድርጎ ያስመዘገበው ተከራዩ ነበር። ከተማዋ ስሙ ከ1934 ጀምሮ የቤቱ መጠሪያ መሆኑን አስረድታ በ2010 በፌዴራል ፍርድ ቤት ረታች። ድሉ ግን ባዶ ቤት ላይ ነበር። የምግብ ቤቱ ዕቃ በሐራጅ ተሸጧል፤ የተመረጠው አዲስ ተከራይም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መስማማት ስላቃተው ስምምነቱ ፈረሰ። ዝነኛው ምግብ ቤት የጎብኚዎች መረጃ መስጫ ሆነ፤ ደጃፉ ላይ የምግብ መኪኖች ቆሙ። ዳግመኛ በምግብ ቤትነት የተከፈተው በ2014 ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር የኒውዮርክ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዩኒየን ስኩዌር መናፈሻ ስላለ ምግብ ቤት የሰጠው ውሳኔ የእነዚህን ሁሉ ታሪኮች ፍሬ ነገር ይነካል። መናፈሻ የሕዝብ አደራ ስለሆነ፣ ከተማ በራሷ ውሳኔ ለግል ሰው ልታከራየው አትችልም፤ ያለ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ፈቃድ ማድረግ የምትችለው የመሥሪያ ፈቃድ መስጠት ነው። በዩኒየን ስኩዌሩ ጉዳይ ከተማዋ የረታችው የሥራ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና አሠራሩን የመቆጣጠር፣ ውሉንም የማቋረጥ ሥልጣን በእጇ በማስቀረቷ ነው።

ይህ ሁሉ ከውጭ አገር የመጣ ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባም ባለፉት ዓመታት እንጦጦን፣ አንድነትንና ወዳጅነትን የመሰሉ ፓርኮች አግኝታለች፤ በፓርክ ውስጥ ምግብና ቡና መሸጥም የከተማው ሕይወት አካል ሆኗል። እንዲህ ያለ ቦታ ለግል ነጋዴ ሲሰጥ፣ ከኪራዩ በፊት በውሉ ላይ ሊሰፍሩ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ። መደበኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ገብቶ ቢያንስ ሻይና መክሰስ የሚቀምስበት ዋጋ ይኑር። ተከራዩ የሚጨምረው ግንባታና ስሙ ውሉ ሲያልቅ የማን እንደሚሆን ከመጀመሪያው ይጻፍ። ክፍያው ከሽያጭ የሚታሰብ ከሆነ የከተማው ኦዲተር መዝገቡን የማየት መብት ይኑረው። ተከራይ ሲቀየር የሠራተኛው ዕጣ ምን እንደሚሆን ጨረታው ሳይወጣ ይታወቅ፤ ኒውዮርክን ዝነኛ ምግብ ቤቷን ለዓመታት ያዘጋት ይህ አንድ ጥያቄ ነው። አሸናፊውም በሹም ትውውቅ ሳይሆን በግልጽ ጨረታ ይለይ።

ነጋዴው ማትረፉ ክፋት የለውም፤ ካላተረፈ ቤቱን በወጉ አይዘውም። ለሮይም ቢሆን ከተማዋ አቅም ባጣችበት ሰዓት ያን ቤት አሳምሮታል። ችግሩ የሚጀምረው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሲረሳ ነው። የውሉ ሥራ ይህን ማስታወስ ነው፤ ለተከራዩ ብቻ ሳይሆን ለፈራሚው ሹምም ጭምር።