የማይንከባለለው ጥሬ

አንድ እህል ነጋዴ የልጁን ደብተር ገለጠና ባዶ ሆኖ አገኘው። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ትምህርት ከተከፈተ ሰንብቷል። ከፍሎ ኬጂ ያስገባው ልጅ ግን «ሀ»ን እንኳ በወጉ አልጻፈም። «ምን ስትሠሩ ነው የምትውሉት?» ቢለው «እንጫወታለን» አለው። በማግስቱ ሱቁን ለሠራተኛው ትቶ ልጁን እጁን ይዞ ሄደ።

አስተማሪዋ አልተከራከረችውም። «ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት ውለው ይዩን» ብላ ከልጆቹ ወንበሮች አንዱን አቀረበችለት። ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጠዋቱ ልጁ እንዳለው ነበር። ዘፈን፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ግቢ። የክረምቱ እርጥበት ከመሬቱ ገና አልለቀቀምና ልጆቹ በስንጥር ፊደል ጫሩበት፤ ጽፈው ሲጨርሱም ረግጠው አጠፉት። ነጋዴው አዛጋ።

ከእረፍት በኋላ አስተማሪዋ ሰፌዶች ደረደረች። ልጆቹ ከየቤታቸው አንዳንድ እፍኝ ጥሬ እንዲያመጡ ነግራቸው ነበር፤ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ያገኙትን። ሥራቸው በመልክ፣ በመጠንና በቅርጽ መለየት ነው። ነጋዴው አሁን ነቃ አለ። እህል መዳፉ ላይ አገላብጦ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዓይን ታዲያ ምን ከምን ጋር ቢቀየጥ ገዢ እንደማያየውም ያውቃል።

ልጁ ያመጣው ከአባቱ ጆንያ የዘገነውን አተር ነው። ሰፌዱን አዘንብሎ ፍሬውን ማንከባለል ጀመረ። አብዛኛው ተንከባሎ ወረደ፤ ጥቂቱ ባለበት ቀረ። የቀረውን ለብቻው ቆለለው።

«ቲቸር፣ ይሄ ጠርዝ አለው። አተር አይደለም።»

«ታዲያ ስንት ዓይነት አመጣህ?»

«ሁለት።»

«አንድ ነው» አለ አባቱ ከኋላ፤ አፉ ቀደመው። «ያው አተር ነው።»

ልጆቹ ተሰበሰቡ። እየተቀባበሉ ሞከሩት። «አይሄድም! እዩት፣ ይሄ አይሄድም!»

አዲሱ አተር እስኪወቃ ገና ጊዜ አለ፤ የአሮጌው ዋጋ ደግሞ በዚህ ወር ይወጣል። ጓያ ርካሽ ነው፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንኳ በዋልካ ላይ ይበቅላል። ክክ ሲሆን ቅርጹ ይጠፋል፤ ሽሮ ከሆነማ ማን ይጠይቃል? ሌላ የሚበላው አጥቶ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ድሃ እግሩ እንደሚሽመደመድ ነጋዴው ያውቃል፤ ባደገበት መንደር በምርኩዝ የሚሄዱ አይቷል። ግን እሱ የሚቀይጠው «ትንሽ» ነው። ብዙ ቀየጥኩ የሚል ነጋዴ መቼም አልተወለደም።

አስተማሪዋ ከማይንከባለለው ቁልል አንዲት ፍሬ አንስታ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ ከእኛ ይልቅ እህል የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስሙን ይንገሩልን።»

ነጋዴው በሩን አየ፤ ልጁን አየ። ልጆቹ ሁሉ አፍ አፉን ያዩታል።

«ጓያ» አለ።

«ጓያ!» አሉ በአንድ ድምፅ፤ እንደ ለመዱት እያጨበጨቡ።

ልጁ አባቱ አዋቂ ሆኖ በመገኘቱ ደረቱን ነፍቶ «እኛ ሱቅ ብዙ አለ» አላቸው። «አባዬ ነገ በጆንያ ያመጣልናል!»