ሳናውቅ የበደልነው የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በጸሎታችን ጊዜ አውቀን ስለሠራነውም ሳናውቅ ስለሠራነውም ኃጢአት ይቅርታን እንለምናለን። ነገር ግን ሳናውቅ የበደልነው ማንን እንደ ጐዳ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? በስሕተት የተደረገ በደል፣ ሆን ተብሎ ስላልተደረገ ብቻ ያለ ባለቤት ሊቀር ይገባዋልን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ አንድ ደብዳቤ ነው። ባለቤታቸው ተጠባባቂ ወታደር የሆኑ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ባለቤታቸው ከዘመቻ ሲመለሱ በትርፍ ተከፍሏቸዋል የተባለው ገንዘብ ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥ ያስታውቃል። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ እንኳን ትርፍ ሊከፈለን የሁለት ወር አበል ቀርቶብናል» አሉኝ። እኔም «የኮምፒዩተር ስሕተት ይሆናል፤ ይስተካከላል፣ ትንሽ ይታገሡ» ብዬ ደብዳቤውን መለስሁላቸው። ከስምንት ወር በኋላ ነገሩ እንዳልተስተካከለና የቤት ኪራይ እየተበደሩ እንደሚከፍሉ ሰማሁ። አምስት ቢሮ አመልክተው አምስቱም «እኛን አይመለከትም» ብለዋቸዋል። ሳስበው ስድስተኛው እኔ ነበርሁ።

እንዲህ ያለው ችግር በምንኖርባት በአሜሪካ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ተጠባባቂ ወታደር በአዘቦቱ ጊዜ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ያገለግላል፤ በቀረው ጊዜ በግል ሥራው ይተዳደራል። ለዘመቻ ሲጠራ ደመወዙ ይለወጣል፤ የአደጋ አበልና ከቤተሰብ የመለየት አበል ሊጨመርለት ይችላል፤ ሲመለስ እነዚህ ይቆማሉ። የወታደሩን ማኅደር የሚይዘው መዝገብና ደመወዙን የሚያሰላው መዝገብ ባለመገናኘታቸው ብዙው ነገር በሰው እጅ ይመዘገብ ነበር። አንዲት ቀን ሳትመዘገብ ከቀረች ወታደሩ ወይ ይጐድልበታል፣ ወይ ሳያውቀው ትርፍ ይከፈለውና ቈይቶ ዕዳ ይሆንበታል።

የአሜሪካ ኮንግሬስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ስድስት የናሽናል ጋርድ ክፍሎችን በመረመረ ጊዜ ከ481 ወታደሮች 450ዎቹ ቢያንስ አንድ የደመወዝ ችግር ደርሶባቸው አገኘ። በኮሎራዶ በነበረው ክፍል በ34 ወታደሮች ላይ በአማካይ 48,000 ዶላር ዕዳ በስሕተት ተጽፎ ነበር። በ2004 ደግሞ በስምንት የተጠባባቂ ጦር ክፍሎች ከ348 ወታደሮች 332ቱ ችግር እንደ ነበረባቸው ገለጠ። በካሊፎርኒያም ለአገልግሎት ሲፈርሙ የማበረታቻ ገንዘብ የተሰጣቸው በሺህ የሚቈጠሩ ወታደሮች ከብዙ ዓመት በኋላ መልሱ ተባሉ። ማስከፈሉ እንዲቆም የመከላከያ ሚኒስትሩ አሽተን ካርተር ያዘዙት ነገሩ በ2016 በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ወታደሩን የጠላ ሰው ላይኖር ይችላል። አንዱ ቀን ረሳ፣ ሌላው የተሰጠውን ቍጥር ገለበጠ፣ ሦስተኛው ደብዳቤ ላከ። ኃጢአቱ ታዲያ የት አለ? እንደ እኔ አስተሳሰብ፣ ስሕተት በተሠራበት ቀን ኃጢአት ላይሆን ይችላል፤ የተጐዳው ሰው መጥቶ በነገረን ቀን ግን ባለቤት ያገኛል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዝምታችን ራሱ ሥራ ነው።

«አንድ ጸሐፊ ምን ሥልጣን አለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከአቅሙ በላይ አይጠየቅም። ነገር ግን ነገሩን መጻፍ፣ ወደሚመለከተው ክፍል ማድረስና መልሱን መከታተል ይችላል። «የሕዝብ ገንዘብስ ይቅርን?» የሚልም አለ። አይቀርም፤ ትርፍ እንደ ተከፈለው ያወቀ ክርስቲያን በዚያው ቀን መናገር ይገባዋል። በቅን ልቡና ተቀብሎ ልጆቹን ያበላበትን ግን እንደ ሌባ ማሳደድ ፍትሕ አይደለም። የአገሪቱ ሕግም እንዲህ ያለው ሰው ዕዳው እንዲሰረዝለት እንዲያመለክት ይፈቅድለታል።

ኦሪት ዘሌዋውያን (5፥15-16) ሳያውቅ በተቀደሰው ነገር ላይ የበደለ ሰው የወሰደውን እንዲመልስና አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር ያዛል። አለማወቁ ከመክፈል አላዳነውም፤ ጭማሪውም የወጣው ከተሳሳተው ኪስ ነው። ዘኬዎስም የነጠቃቸው ሰዎች ማመልከቻ እስኪጽፉ አልጠበቀም፤ ራሱ ተነሥቶ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ወታደሮችን ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ብሎ አስተምሯል (ሉቃ. 3፥14)። ይህን ለወታደር ለመንገር ግን አስቀድሞ ደመወዙ ሊደርሰው ይገባል።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ እኒያ እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። የጥሪ ትእዛዙንና የየወሩን የደመወዝ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ በተራ ደረደርነው፤ የጐደለውን ወር በወር ጽፈን ለሚመለከተው ክፍልና ለአካባቢው የሕዝብ ተወካይ ጽሕፈት ቤት ላክን። ከፊሉ ተመልሷል፤ ከፊሉን ገና እየጠየቅን ነው። ሥራው ከባድ ዕውቀት አልፈለገም፤ የፈለገው ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች! ነገ ብዙዎቻችን በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በመንግሥት ቢሮ ከጠረጴዛ ጀርባ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ሰው «እኛን አይመለከትም» ከማለታችን በፊት፣ ሳናውቅ ስለሠራነው ይቅር በለን እያልን የጸለይነውን ጸሎት እናስታውስ። እርሱ ማስተዋሉን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።