ወደ አያትሽ ጓዳ ግቢ

ልጄ፣ ሲዳሙ አፎ ለመማር ሐዋሳ ልትከርሚ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁልሽ።

የፈራሁት ከተማዋን ነው። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የሥራ ቋንቋው ሲዳሙ አፎ ነው፤ ሆኖም አሞራ ገደል ዓሣ ብትገዢም ባጃጅ ብትይዢም በአማርኛ ያስተናግዱሻል። አንደበትሽ ሲደናቀፍ ያዘነልሽ ሁሉ ቶሎ ወደ አማርኛ ይመልስሻል። ደግነት ነው፤ ግን አያስተምርም። ስለዚህ ቶሎ ብለሽ ወደ አለታ ወንዶ ገጠር ውረጂ፣ አያትሽ ዘንድ እደሪ።

መጽሐፍም ያዢ፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋው በትምህርት ክፍል ደረጃ ይሰጣል። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና ውጭ አገር የለመድሽው ንባብ ያሳስትሻል። ኤክስ ‹ጥ› ነው፤ ሲ ብቻዋን ‹ጭ› ናት። ባለፈው የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል ‹ካምባላላ› ብለሽ ያነበብሽው ለዚህ ነው። ፍቼ ጫምባላላ በይ።

በዓሉን ካነሳሁ ታሪኩን ልንገርሽ። ፍቼ የሴት ስም ነው ይላሉ አባቶች። አግብታ ከሄደች በኋላ በየዓመቱ ወላጆቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ። ጎረቤት ሁሉ ይበላ ነበር። እሷን ማሰቢያ የሆነው በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቀኑን አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ አይተው ይቆርጣሉ። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደሽ ጭፈራውን እይ፣ ደስ ይበልሽ። ግን ፍቼ የምትመጣው ለጭፈራ አልነበረም።

እንደ አንቺ የወገናቸውን ቋንቋ ፍለጋ፣ ዮሩባ ለመማር ናይጄሪያ የሚሄዱ ጥቁር አሜሪካውያን አሉ። ከባድ ቋንቋ ነው፤ ‹ኦኮ› የሚለው ቃል በድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ባል፣ መቆፈሪያ ወይም መኪና ይሆናል። የጥንት አያቶቻቸው በባርነት ተግዘው አፋቸው ስለተነጠቀ፣ ቃሉን ቤት ውስጥ የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። ከእንግዳ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ይማራሉ። የአንቺ አያት ግን አለች። ዛሬ አለች።

እኔ ይህን ዘግይቼ አወቅሁ። በልጅነቴ ትምህርት ቤት በአነጋገሬ ስለሳቁብኝ ከሴት አያቴ ጋር ገበያ መውጣት አፈርኩ፤ ስትጠራኝም በአማርኛ እመልስላት ነበር። አልጋ ላይ በወደቀች ጊዜ እጄን ይዛ ብዙ ነገረችኝ። ግማሹ ገባኝ። ቀሪውን አክስቴ ተረጎመችልኝ፤ አሳጥራ እንደሆነ ከፊቷ ለየሁት። የቀረውን አክስቴም ይዛው ሄደች።

አያትሽ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀመጪ። የቢላውን፣ የቅጠሉን፣ የጉድጓዱን ስም ጠይቂ። ትስቅብሻለች፤ ትሳቅ። ለመቅረጽ ብለሽ ስልክሽን ቶሎ አታውጪ፣ መጀመሪያ ትላመድሽ።

አንድ ቃል እኔ ላስይዝሽ። ውሃ ‹ዋ› ይባላል፣ ድምፁን ሳብ አድርገሽ። እዚያ ቤት ሲጠማሽ በአማርኛ እንዳትጠይቂ።