ጥላው የማን ነው?

የዓድዋ ጦርነት ካለፈ ገና ጥቂት ወራት ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 1896 ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የጣልያን ወታደሮች ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ ተነሡ። ያነሣቸው ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሆነ የሕክምና ታሪክ ይመዘግባል። ሮንትገን የራጅን ጨረር ካገኘ ገና ስድስት ወሩ ነበር።

አልቫሮን የረዳው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ቁስለኛው የት እንደተመታ ይናገራል፣ ሐኪሙም የሚፈልገውን ያውቃል። ፊልሙ ላይ የወጣው ጥላ ታሪክ ነበረው። የአንገት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ታሪክ የሌለው ጥላ ነው፤ ታሪኩን ስላልጠየቅን።

ከዴቻ ወይም ከጨና ተነሥታ ቦንጋ ድረስ የመጣች ሴት አንገቷን ራጅ ስትነሣ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል እንበል። የተጎነጎነው ፀጉር ፊልሙ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ከቆዳ ሥር አየር የገባ ወይም የሳንባ ጫፍ የታመመ ያስመስላል። የጸጉር ላስቲክ፣ ዶቃ፣ ከማተብ ላይ ያለ መስቀል፣ ክታብም እንዲሁ። ማተብ ይፈታ ሲባል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ በአክብሮት ማስረዳት ወይም ክሩን ከሚነሣው ቦታ ገለል ማድረግ የራጅ ባለሙያው ሥራ አካል ነው። ጥርጣሬ ካለ ፀጉሩን ወደ ላይ አስሮ ደግሞ ማንሣት ነው። ጥላው አብሮ ከተነሣ የፀጉር ነበር።

የሕፃናት ራጅ ግን ከሁሉ ይከብዳል። እያለቀሰ፣ አንገቱን አቀርቅሮ በጎን የተነሣ ሕፃን ከጉሮሮው ኋላ፣ ከአከርካሪው ፊት ያለው ሥጋ ወፍሮ ይታያል፤ መግል የቋጠረ ይመስላል። አንገቱ ቀና ብሎ፣ አየር ሲስብ የተነሣው ፊልም ላይ ውፍረቱ ከጠፋ የአቀማመጥ ጉዳይ ነበር። ትኩሳት ያለው፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ሲተነፍስ የሚያስቸግረው ሕፃን ከሆነ ግን ፊልም መድገም ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም።

እንቅርትም አለ። በደጋማው አገራችን የአዮዲን እጥረት ብዙ አንገት አሳብጧል፤ ያበጠው ዕጢ የአየር ቧንቧውን ወደ ጎን ሊገፋው ይችላል። ነገር ግን በሽተኛው ትንሽ ዞር ብሎ ከተነሣም ቧንቧው የተገፋ ይመስላል። ከአንገት ሥር ግራና ቀኝ ያሉት የሁለቱ ማጭድ አጥንቶች (ክላቪክል) ጫፍ ከአከርካሪው እኩል መራቃቸውን ሳያዩ «ተገፍቷል» ብሎ መጻፍ መቸኮል ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ ክብ ጥላ ነው። ሕፃን ሳንቲም ዋጠ ተብሎ ይመጣል። ከፊት ሲታይ ጠርዙ ላይ ሁለት ክብ መስመር፣ ከጎን ሲታይ ደረጃ ያለው ከሆነ ሳንቲም አይደለም፤ የሰዓት ወይም የሪሞት ባትሪ ነው። የምግብ ቧንቧ ላይ የተቀረቀረ ባትሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ከቦንጋ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማውጣት የሚችል ሰው በቅርብ ከሌለ፣ ሕፃኑን የሚወስደው መኪና ሳይነሣ ለሚቀበለው ሆስፒታል በስልክ መንገር ያስፈልጋል። ቤተሰቡም ባትሪው የወጣበትን ሪሞት ወይም መጫወቻ ይዞ ቢመጣ፣ ሐኪሙ ከፊልሙ እኩል ይጠቀምበታል።