ፍርሃት ከበደል ነጻ ያወጣልን?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1722፣ ምዕራባውያን የትንሣኤን በዓል ባከበሩበት እሑድ፣ ያኮብ ሮግቬን የተባለ የሆላንድ መርከበኛ በሦስት መርከቦች ሰላማዊ ውቅያኖስን ሲያቋርጥ አንዲት ትንሽ ደሴት አየ፤ ስለ ዕለቱም ክብር «የፋሲካ ደሴት» ብሎ ሰየማት። ነዋሪዎቿ ዛሬ ራፓ ኑይ ይሏታል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የደሴቲቱ ሰው ወደ መርከቡ ወጥቶ ነበር። የምሰሶውን ርዝመትና የገመዱን ውፍረት አደነቀ፤ መድፉን ዳሰሰ፤ መስተዋት ቢያሳዩትም ደንግጦ ከጀርባው ተመለከተ። ኤፕሪል 10 ቀን ግን 134 የታጠቁ ሰዎች ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ሕዝቡ ሊያያቸው ተሰበሰበ። በድንገት ከሰልፉ ኋላ ጩኸት ተሰማ፤ ከ30 የሚበልጡ ጠመንጃዎች ተተኮሱ፤ 10 ወይም 12 ሰዎች ወደቁ። አለቃው አላዘዘም ነበር። ተኳሾቹ ሲጠየቁ፣ ከደሴተኞቹ አንዱ ጠመንጃ ሊነጥቅ እንደ ያዘ፣ ሌሎችም ድንጋይ እንዳነሡ ተናገሩ። አብሯቸው የተጓዘው ቤሬንስ እንደ ጻፈው፣ ከሟቾቹ አንዱ ያ አስቀድሞ በእንግድነት መጥቶ የነበረው ሰው ነው።

እንግዲህ በፍርሃት የተሠራ በደል በደል ነውን? በሽምግልና ላይ «ፈርቼ ነው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ሰምተናል! ቅዱስ ቶማስ አኲናስ፣ በማዕበል ጊዜ ጭነቱን ወደ ባሕር የሚጥለውን ሰው ምሳሌ አድርጎ፣ በፍርሃት የተደረገ ሥራ በመሠረቱ በፈቃድ የተደረገ መሆኑን ያስተምራል። ፍርሃት በደሉን ሊያቀልለው ይችላል፤ አይሰርዘውም።

ስለ ሮግቬን ግን ከዚህ የበለጠ ማለት ይገባል። አለማዘዙ እውነት ነው። ነገር ግን የፈሩ ሰዎችን ጥይት በጎረሰ ጠመንጃ ባልታጠቀ ሕዝብ መካከል ያሰለፈ ማን ነው? በኑዛዜ ጊዜ ሕፃናት «ምን አደረግሁ?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራለን፤ «ምን እንዲሆን አዘጋጀሁ?» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። እኔም ከዘለሉት አንዱ ነኝ።

ከተኩሱ በኋላ ደሴተኞቹ ወደ 60 ዶሮዎችና 30 የሙዝ ዘለላዎች ይዘው መጡ፤ መርከበኞቹም ዋጋውን በጨርቅ ከፈሉ። ይህን ልግስና ነው ብለን ለማመስገን አንቸኩል፤ እነርሱም ፈርተው ነበርና። የእነርሱ ፍርሃት ያወጣው ግን ዶሮና ሙዝ ነበር።