«ወራጅ» ስም ነው ወይስ ቅጽል?

በአዲስ አበባው ወሎ ሰፈር በሚያልፍ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይይዘኛል፤ ይህ ቃል ከየትኛው የንግግር ክፍል ነው? ግስ እንዳልለው፣ ግስ በባለቤቱ ይረባል፤ ወረድኩ፣ ወረደች፣ ወረዱ ይላል። «ወራጅ» እንዲህ አይረባም። ስም ነው እንዳልል፣ «ወራጅ ውሃ» ስንል ውሃውን ይገልጻል። ቅጽል ነው እንዳልል፣ ታክሲው ውስጥ የሚገልጸው ስም የለም፤ ራሱ የ«አለ» ባለቤት ሆኗል። ብዙ ቁጥርም አይፈርድልኝም፤ «ወራጆች» እንደምንል «ረጃጅሞች» እንላለንና።

የሰዋስው መምህራኑን ጠየቅሁ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ክፍሎቹን ስምንት አድርገው አስተማሩን። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» አምስት አደረጓቸው፤ ለምሳሌ ተውላጠ ስም ወደ ስም፣ መስተጻምር ወደ መስተዋድድ ገባ። ልዩነቱ ከመለያው የመጣ ነው። ባዬ የቃሉን ትርጉም ብቻ ሳይሆን ቅርጹንና በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ቦታ ይጠይቃሉ።

ታዲያ ቦታ ብቻውን ይበቃል? «ወሎ ሰፈር» ላይ ፈተንኩት። «ወሎ» ሰፈሩን ይገልጻል፤ ቅጽል ልበለው? ግን «በጣም ረጅም» እንደሚባል «በጣም ወሎ» አይባልም። ስለዚህ ስምን የሚገልጽ ስም ነው። በዚሁ መለያ «በጣም ወራጅ»ም አያስኬድም፤ «በጣም አዋቂ» ግን ያስኬዳል። ሁለቱ በአንድ ዓይነት መንገድ ከግስ የወጡ ቃላት ሆነው ሳለ ክፍላቸው ተለያየ! እንግዲህ «ወራጅ» ከውሃው ፊትም ሆነ ታክሲው ውስጥ ስም ነው እላለሁ።

ነገሩ የሚከብደው «ተሳፋሪው ከወሎ ሰፈር መጣ» ሲባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ባለሙያዎች ከዋልታ የዜና ተቋም የተገኙ 1065 ዜናዎችን፣ ወደ 210 ሺህ የሚጠጉ ቃላትን፣ ለእያንዳንዱ ክፍሉን በእጅ እየሰጡ አዘጋጁ። ለአማርኛ ትልቅ ውለታ ነው፤ ብዙ ተመራማሪ የንግግር ክፍል የሚለይ ማሽን ያስተማረው በዚያ ነው። ነገር ግን በስሙ ላይ የተጣበቀው መስተዋድድ አልተለየም፤ «መስተዋድድ ያለው ስም» የሚል አንድ ምልክት ተሰጠው። ይህን አልቀበልም። «ከ» በጽሕፈት «ወሎ» ላይ ቢለጠፍም የሚያዘው «ወሎ ሰፈር»ን በሙሉ ነው፤ ሰውየው የመጣው ከሰፈሩ እንጂ ከወሎ አይደለም። ባዶ ቦታን ተከትሎ የሚቆርጥ ማሽን ተሳፋሪውን ከወሎዋ ደሴ ያመጣዋል።

አማርኛን ለኮምፒውተር የምታስተምሩ ወጣቶች ሆይ፣ ምልክት ከመስጠታችሁ በፊት «ከ»ን ከ«ወሎ» ለዩልን።